«ፓችህ አይገባም»፦ ለሊኑክስ ከርነል ኮድ ስትልኩ የሚገጥማችሁ ችግርና መፍትሄው

ለሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት ለሆነው ኮድ) የመጀመሪያ ፓቻቸውን፣ ማለትም የኮድ ለውጣቸውን፣ የሚልኩ ልጆች ሲቸገሩ ብዙ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣሉ። ኮዱን አሳዩኝ እላቸዋለሁ። ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የተበላሸው መንገድ ላይ ነው። ከነሱ ኮምፒውተር ጤነኛ ሆኖ የወጣ ፓች ሜንቴይነሩ (የዚያ የከርነል ክፍል ኃላፊ) ጋ ታሞ ይደርሳል።

ጊት ታውቃላችሁ፣ ከርነሉንም ራሳችሁ ቢልድ አድርጋችሁ ማሽናችሁን በሱ አስነስታችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። ያላደረገ ካለ መጀመሪያ እሱን ይጨርስ።

አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ከርነሉ ኮድ የሚቀበለው በኢሜይል ነው። ፓቹ እንደ ተራ ጽሑፍ ኢሜይሉ ውስጥ ይገባል። ገምጋሚዎቹ ከመስመሮቹ ሥር ሥር አስተያየት ይጽፉበታል። ከተስማሙ ሜንቴይነሩ ያንኑ ኢሜይል በ«ጊት ኤኤም» ወደ ኮዱ ያስገባዋል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ጊትን የጀመረው ለዚሁ ለከርነሉ ሥራ ነበር፤ «ኤኤም» ውስጥ ያለው «ኤም» ራሱ የመልእክት ሣጥን ለማለት ነው። ስለዚህ የላካችሁት ኢሜይል ስለ ኮዱ የሚያወራ ደብዳቤ አይደለም፣ ኮዱ ራሱ ነው። አንዲት ባዶ ቦታ ከተቀየረች ኮዱ ተቀየረ ማለት ነው።

ምልክት፦ «ፓችህ አይገባም» የሚል መልስ መጣ

ከ10 ሰው 8ቱ ይዞብኝ የሚመጣው ይሄንን ነው። እናንተ ጋ ይሠራል፣ እነሱ ጋ አይገባም። ልጁ ግራ ይገባዋል፣ እንደገና ይልካል፣ እንደገና ያው መልስ። ሦስተኛው ላይ መልስ የሚሰጠውም ይጠፋል።

መጀመሪያ በሽታውን እንለይ። የላካችሁትን ኢሜይል ከሳጥናችሁ እንዳለ፣ ማለትም ጥሬውን መልእክት፣ ፋይል አድርጋችሁ አውርዱት። አዲስ ንጹህ ብራንች ክፈቱና በ«ጊት ኤኤም» አስገቡት። እምቢ ካለ «ኢግኖር ዋይትስፔስ» የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ ድገሙት። አሁን ከገባ በሽታው ታብና ስፔስ ነው። «ኮራፕት ፓች» ብሎ የመስመር ቁጥር ከጠራላችሁ አንድ መስመር ለሁለት ተቆርጧል ወይም በእጅ ተነክቷል። እናንተ ጋ በደንብ ገብቶ እነሱ ጋ ብቻ እምቢ ካለ የተነሳችሁበት ኮድ አሮጌ ነው። «ኢግኖር ዋይትስፔስ» የምትለው አማራጭ ለምርመራ ብቻ ናት፤ ሜንቴይነሩን «በዚህ አማራጭ አስገባልኝ» እንዳትሉት። እሱ በቀን ስንት ፓች እንደሚያይ አስቡ።

አሁን ስለ ታብ። የከርነሉ ኮድ ገባ የሚለው በታብ ነው፣ አንዱ ታብ የ8 ፊደል ስፋት አለው። ታብና 8 ስፔስ ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለጊት ግን ሰማይና ምድር። ጊት ፓቹ የት ቦታ እንደሚገባ የሚያውቀው ከለውጡ በላይና በታች ያሉትን ሦስት ሦስት ያልተነኩ መስመሮች ከኮዱ ጋር እያስተያየ ነው። ታቡ ስፔስ ከሆነ መስመሮቹ አይመሳሰሉም፣ ጊትም ቦታውን አያገኘውም።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ፋይሉን በ«ካት» ትእዛዝ፣ ትልቁን የ«ኤ» አማራጭ ጨምራችሁ ክፈቱት። ታብ ያለበት ቦታ ሁሉ የጣሪያ ምልክትና የ«አይ» ፊደል ይሆናል። የመስመሩ መጨረሻ ላይ የዶላር ምልክት ይታያል። እያንዳንዱ የፓች መስመር በአንድ ምልክት ነው የሚጀምረው፦ ለተጨመረ መደመር፣ ለተሰረዘ መቀነስ፣ ላልተነካ አንድ ስፔስ። ታቡ የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ምልክቱን ተከትሎ ጣሪያና «አይ» መታየት ሲገባው ረጅም ባዶ ሜዳ ካያችሁ፣ ገዳዩን አገኛችሁት።

ታቡን ማነው የበላው? አብዛኛውን ጊዜ በድረ ገጽ የሚከፈተው ኢሜይል ነው። ፓቹን ኮፒ አድርጋችሁ መጻፊያው ላይ ፔስት ስታደርጉ ታቡን ወደ ስፔስ ይቀይራል። ረጅሙን መስመር ደግሞ ወደ 78ኛው ፊደል አካባቢ ቆርጦ ወደ ታች ያወርደዋል። የወረደው ቁራጭ መደመርም መቀነስም የለው፣ ጊትም «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይቆማል። በዚያ ላይ ኢሜይሉ በኤችቲኤምኤል (ባጌጠ የድረ ገጽ ቅርጽ) ከሄደ የከርነሉ የኢሜይል ዝርዝሮች፣ ፓቹ ለብዙ ሰው የሚሰራጭባቸው ማለት ነው፣ ጭራሽ አይቀበሉትም። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ለውበት ነው። ውበቱ ይቅርብን!

አንድ ልጅ ነበር። ሦስት ኢሜይል ፕሮግራም ቀያየረ። ሦስተኛው ለዚህ ሥራ የሚመሰገን፣ ታብ የማይነካ ፕሮግራም ነው። ችግሩ ግን ያው። ሁለት ምሽት አብረን ተቀመጥን። በመጨረሻ «እስቲ ከመጀመሪያው እያሳየኸኝ ላክ» አልኩት። ተርሚናሉን ከፈተ፣ ለውጡን በ«ጊት ዲፍ» አወጣ፣ ከዚያ ማውዙን ይዞ ከላይ እስከ ታች ቀለም ቀባና ኮፒ አደረገ። በቃ! ተርሚናሉ ስክሪን ላይ ያለውን ነው የሚሰጣችሁ፣ ስክሪን ላይ ደግሞ ታቡ ስፔስ ሆኗል። ፓቹ ኢሜይል ዘንድ ሳይደርስ ሞቷል። ሁለት ምሽት!

ሌላዋ ከመሥሪያ ቤቷ ኢሜይል ነበር የምትልከው። እሷ ሁሉንም በትክክል ነው ያደረገችው። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ግን የወጣ መልእክት ሁሉ ሥር «ይህ መልእክት ምስጢራዊ ነው፣ ላልተላከለት ሰው ማየት ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ ይለጥፋል። ለሕዝብ የሚታይ ኮድ ላይ! እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የተለጠፈበትን ፓች ሜንቴይነሮች አያስገቡም፤ ምስጢር ነው የተባለን ነገር በምን መብት ያስገቡታል? መፍትሄው ሰርቨሩን ማስተካከል አልነበረም፤ የሰርቨሩን ኃላፊ ከማሳመን ከርነል መጻፍ ይቀላል። በግል ኢሜይሏ ላከችው፣ አለቀ።

የራሴንም ልናገር። ፓቹ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ አስተያየት መስመር ላይ የፊደል ስህተት አየሁ። ወደ ኮዱ ተመልሼ ኮሚቱን ማስተካከል ሰነፍኩና የፓች ፋይሉን ራሱን ከፍቼ አንድ መስመር ሰረዝኩ። እያንዳንዱ የፓች ክፍል አናቱ ላይ፣ በሁለት ሁለት የአት ምልክት መካከል፣ ከታች ስንት መስመር እንዳለ የሚቆጥር ቁጥር አለ። እኔ መስመሩን አጠፋሁ፣ ቁጥሩ እንዳለ ቀረ። «ኮራፕት ፓች»። በሺህ ሰው ፊት። የፓች ፋይል በእጅ አይነካም። ኮሚቱን አስተካክሉና ፋይሉን እንደ አዲስ አውጡት።

መፍትሄው አንድ ነው፣ ማንንም ሳልለይ የምሰጠው። ኮፒ ፔስት የለም። ኮሚታችሁን በ«ጊት ፎርማት-ፓች» ፋይል አድርጋችሁ ታወጣላችሁ፣ ፋይሉን በ«ጊት ሴንድ-ኢሜይል» ትልካላችሁ። በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ሴንድ-ኢሜይል ከጊት ተለይቶ የሚጫን ፓኬጅ ነው፤ ጊት «ትእዛዙን አላውቀውም» ካላችሁ እሱን ጫኑ። ከዚያ የኢሜይል አገልግሎታችሁን የመላኪያ ሰርቨር ስም፣ ፖርቱን (አብዛኛውን ጊዜ 587)፣ የተጠቃሚ ስማችሁን ጊት ቅንብር ውስጥ ታስገባላችሁ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የምትጠቀሙ ከሆነ የተለመደው የይለፍ ቃል እምቢ ሊል ይችላል፤ ለመተግበሪያ ብቻ የሚሰጠውን ልዩ የይለፍ ቃል ከአገልግሎቱ አውጡ። ማስጠንቀቂያ፦ የይለፍ ቃሉን ቅንብር ፋይል ውስጥ አትጻፉ። የቅንብር ፋይሎቹን ሰብስቦ ለሰው ይጠቅማል ብሎ ከነይለፍ ቃሉ ለዓለም የለቀቀ ሰው አውቃለሁ።

ፓቹን አያይዛችሁም አትላኩ። አባሪ ከሆነ ገምጋሚው መስመር እየጠቀሰ መልስ ሊጽፍበት አይችልም።

ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ለራሳችሁ ላኩ። የደረሳችሁን አውርዱና በንጹህ ብራንች ላይ በ«ጊት ኤኤም» አስገቡት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይቺን ሳያደርግ «አልገባም አሉኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው ከእንግዲህ ሻይ እየጠጣሁ ነው እላለሁ።

መንገዱ ንጹህ ሆኖ እነሱ ጋ ብቻ እምቢ ካለ ወደ አሮጌው ኮድ እንመለስ። ከስርጭታችሁ ጋር የመጣውን ከርነል ወይም ከወራት በፊት ያወረዳችሁትን ዚፕ ነው ያስተካከላችሁት። አብዛኛው የከርነል ክፍል የራሱ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) አለው፣ አዲሱ ሥራ መጀመሪያ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። «ሜንቴይነርስ» የሚለውን ፋይል ክፈቱና ክፍላችሁን ፈልጉ፤ በ«ቲ» ፊደል የሚጀምረው መስመር ሪፖውን ይነግራችኋል። ከዚያ ተነሱ። ፓቹን ስታወጡ የ«ቤዝ» አማራጭን ብትጨምሩ የተነሳችሁበት ኮሚት መለያ ከታች ይጻፋል፣ ሜንቴይነሩም ከግምት ይድናል።

ምልክት፦ ማንም አልመለሰም

ወይ ለማይመለከተው ሰው ልካችኋል፣ ወይ ጊዜው አይደለም። ትክክለኛውን ሰው ለማግኘት «ጌት-ሜንቴይነር» የሚባለውን ስክሪፕት ፓቹ ላይ አስኪዱት፣ ለማን እንደሚላክ ይነግራችኋል። የጠራውን ሁሉ ግን በጭፍን አትቀበሉ፤ ፋይሉን አንድ ጊዜ የነካ ሰው ስምም ሊያመጣ ይችላል። ስለ ጊዜው ደግሞ ይሄን እወቁ፦ አዲስ ከርነል በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላ ያሉት 2 ሳምንታት ሜንቴይነሮች የሰበሰቡትን ለሊኑስ የሚያስረክቡባቸው ናቸው። በነዚያ ቀናት አዲስ ፓች የሚያይ ዓይን ጥቂት ነው። ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁና በትህትና አስታውሱ። በማግስቱ አይደለም። በማግስቱ አይደለም!

ምልክት፦ «ፊርማህ የለም» ተባላችሁ

ኮሚት ስታደርጉ የትንሹን «ኤስ» አማራጭ ረስታችኋል። «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» የምትለው መስመር ከ2004 ጀምሮ ያለች ናት፤ ኮዱን ለመስጠት መብት እንዳላችሁ የምታረጋግጡባት ፊርማ ነች። የሌላ ሰው ፊርማ ወይም «ገምግሜዋለሁ» የሚል መስመር ግን ሰውየው ራሱ ሳይሰጣችሁ አትጨምሩ። ይሄ በስህተት አይታለፍም።

ምልክት፦ «ከበፊቱ ምን ተለወጠ?» የሚል ጥያቄ

ሁለተኛውን ዙር እንደ መጀመሪያው አድርጋችሁ ልካችኋል። ርዕሱ ላይ ስሪት 2 መሆኑ መታየት አለበት፣ ፎርማት-ፓች በትንሹ «ቪ» አማራጭ ይሠራላችኋል። የተለወጠውን ደግሞ ፓች ፋይሉ ውስጥ ከኮሚት መልእክቱ ቀጥሎ ካሉት ሦስት ሰረዞች በታች ጻፉ፤ እዚያ የተጻፈ ነገር ኮሚቱ ውስጥ አይገባም። በአንድ ቀን አምስት ስሪት የላከ ልጅ አይቻለሁ። ገምጋሚው አንደኛውን አንብቦ ሳይጨርስ አራተኛው ደረሰ። አስተያየት ሲመጣ አንድ ሁለት ቀን ተንፍሱ፣ ሌላውም ሰው ይናገር፣ ከዚያ አንድ ላይ አርማችሁ ላኩ።

ምልክት፦ የሙከራ ሮቦት «ቢልድ አይሆንም» ብሎ ጻፈላችሁ

ሮቦቱ የማትጠቀሙበትን ፕሮሰሰር ሁሉ ይሞክራል። የተለመደው ስህተት በ32 ቢት ፕሮሰሰር ላይ ባለ 64 ቢት ቁጥር በተራ የማካፈል ምልክት ማካፈል ነው፤ ከርነሉ ለዚህ የራሱ ማካፈያ ፋንክሽኖች አሉት፣ እነሱን ተጠቀሙ። ሁለተኛው የበለጠ ያሳፍራል። አንዱ «እኔ ጋ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ነው ያለፈው» ብሎ ሲከራከር ፋይሉን አየነው። ድራይቨሩ ቅንብሩ ላይ ጠፍቶ ነበር። ኮዱ ጭራሽ ኮምፓይል አልሆነም! ካስተካከላችሁት ፋይል ጎን በ«ነጥብ ኦ» የሚያልቅ አዲስ ፋይል መፈጠሩን ተመልከቱ። ከሌለ ምንም አልሞከራችሁም።

ምልክት፦ ፓቹ ደርሷል፣ ግን ሣጥኑ ውስጥ ማንም አያገኘውም

የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ተሳስቷል፤ መልእክቱ ከዓመታት በፊት እንደተላከ ሆኖ ታች ሰጥሟል።

ምልክት፦ «አስገብቼዋለሁ» ተባለ፣ ሊኑስ ሪፖ ላይ ግን የለም

አልጠፋም። ሜንቴይነሩ የራሱ ሪፖ ውስጥ አስገብቶታል። አዲስ ነገር ከሆነ እዚያ ቆይቶ በሚቀጥለው የ2 ሳምንት ርክክብ ነው ወደ ሊኑስ የሚሄደው። የሜንቴይነሩን ሪፖ ፌች አድርጋችሁ በ«ጊት ሎግ» ስማችሁን ፈልጉ። እስከዚያ ያንኑ ፓች ደግማችሁ አትላኩ።