የሥራ አውደ ርዕይ በሐዋሳ፦ ሥራ ፈላጊው መልስ ይዞ እንዲመለስ ዝግጅቱ ከምን ይጀምራል?

በክልል ከተሞች የሚዘጋጅ የሥራ አውደ ርዕይ ብዙ ጊዜ የሚለካው በበሩ ላይ በተሰለፈው ሰው ብዛት ነው። ይህ መለኪያ ለአዘጋጁ ሪፖርት ይጠቅም ይሆናል እንጂ፣ ከአለታ ወንዶ ወይም ከይርጋለም ሌሊት ተነሥቶ፣ የመሳፈሪያውን ከእኅቱ ተበድሮ፣ ሰነዱን በአሥር ኮፒ አባዝቶ ለመጣው ምሩቅ የሚፈይድለት ነገር የለም። ለእርሱ ቀኑ የተሳካ የሚሆነው፣ ለመቅጠር ሥልጣን ካለው ሰው ጋር ተቀምጦ ከተነጋገረና መልሱን መቼ እንደሚያውቅ ተነግሮት ከሄደ ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በዩኒቨርሲቲ፣ በከተማ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም በአሠሪዎች ማኅበር ውስጥ ሆናችሁ እንዲህ ያለውን ዝግጅት ለምታሰናዱ ነው። ምሳሌዬ ሐዋሳ ናት፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የሐይቅ ዳር ሆቴሎች፣ ባንኮችና በዙሪያዋ ያለው የቡና ሥራ በአንድ ቦታ ስለሚገናኙባት፣ የቀጣሪውም የሥራ ፈላጊውም ዓይነት ብዙ ነው።

መጀመሪያ የጠያቂዎቹን ሰዓት ቁጠሩ

አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት አንድ ቀላል ሒሳብ ሥሩ። አንድ ጠያቂ ለአንድ ሥራ ፈላጊ 10 ደቂቃ ከሰጠ በሰዓት 6 ሰው ያነጋግራል፤ የምሳውንና የዕረፍቱን ጊዜ ቀንሰን በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ይሠራል ብንል 30 ሰው ማለት ነው። 20 ቀጣሪዎች ሁለት ሁለት ጠያቂ ይዘው ቢመጡ በአንድ ቀን በወጉ ሊነጋገሩ የሚችሉት 1,200 ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በሬዲዮና በቴሌግራም 5,000 ሰው የጠራ አዘጋጅ፣ 3,800ውን የጠራው ለፀሐይና ለሰልፍ ብቻ ነው። ጥሪው ከዚህ ቁጥር ጋር እንዲመጣጠን ወይ ቀኑን ሁለት አድርጉት፤ ለምሳሌ የመጀመሪያውን ቀን ለቴክኒክና ሙያ ምሩቃን፣ ሁለተኛውን ለዲግሪ ምሩቃን። አለዚያ ቀድሞ ለተመዘገበ ሁሉ በስልክ መልእክት የሚደርሰው የሰዓት ቀጠሮ ስጡ። «ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 4፡00» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ሌሊት 11 ሰዓት በር ላይ አይቆምም፤ ከይርጋለም የሚመጣውም በዚያው ጠዋት ተነሥቶ ሊደርስ ስለሚችል የአልጋ ኪራይ ይቀርለታል።

ጠረጴዛ የሚሰጠው ክፍት የሥራ መደብ ላለው ነው

ከዓመታት በፊት በረዳትነት በተሳተፍኩበት አንድ አውደ ርዕይ፣ ማምሻውን ድንኳኖቹ ሲነሡ ከአንድ ጠረጴዛ ሥር ሦስት ካርቶን ሲቪ ተትቶ አገኘን። የድርጅቱ ተወካዮች የመጡት ብሮሹር ለማደልና ስማቸውን ለማስተዋወቅ ኖሮ፣ ወረቀቱን ሲቀበሉ የዋሉት እንቢ ማለት ስለከበዳቸው ነበር። ሰነዶቹን ለመመለስ ለባለቤቶቹ ስንደውል ብዙዎቹ የቅጥር ጥሪ መስሏቸው በደስታ አነሡ። ከዚያ በኋላ የነበረውን የስልክ ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ጥፋቱም ከድርጅቱ ይልቅ የእኛ የአዘጋጆቹ ነበር፤ ምን ክፍት ቦታ እንዳለው ሳንጠይቅ ጠረጴዛ ሰጥተነዋልና።

ስለዚህ ለቀጣሪው ጠረጴዛ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በጽሑፍ የሚሞላው አንድ ቅጽ ስጡት። የመደቡ ስም፣ የሚፈለገው ሰው ብዛት፣ የሥራው ቦታ፣ የፈረቃው ሁኔታ፣ ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ ያለውን ይቀበል እንደሆነ፣ የሚፈልገው ሰነድ፣ ተያዥ ይጠይቅ እንደሆነ እና ደመወዙ ይሞሉበት። ደመወዝ ላይ «በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። መነሻና ጣሪያው ይጻፍ፤ ከዚያም ለሥራ ፈላጊው እጅ የሚደርሰው የተጣራ ገንዘብ ስንት እንደሆነ አስልታችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። የሥራ ግብሩ ሌላ ሆኖ፣ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ይቀነሳል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ወጣት በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የተታለለ ይመስለዋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልምድም ይህን ያስተምራል፤ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ስፌት ከጀመሩ ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ ሥራውን የተዉት ደመወዙ ከከተማው የቤት ኪራይ ጋር አልመጣጠን ስላላቸው ነው። ማደሪያ፣ ሰርቪስና ምሳ መኖር አለመኖሩ ከደመወዙ እኩል በግልጽ ሊጻፍ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ቅድመ ሁኔታ የሚመጣው ሰው ማንነት ነው። የሰው ሀብት ኃላፊው ራሱ ወይም እርሱ በጽሑፍ የወከለው፣ «ለሁለተኛ ዙር ና» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው ካልመጣ፣ ጠረጴዛውን ለሌላ ስጡት። ከባድ ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቅ ስም ያለው ድርጅት ባዶ ጠረጴዛ ይዞ ከሚውል፣ ሁለት የብየዳ ሠራተኛ የሚፈልግ ጋራዥ ቢቀመጥበት እመርጣለሁ።

የትንንሾቹን ቀጣሪዎች ነገር ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። በሐዋሳ ያሉ ጋራዦች፣ የግል ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች፣ የዱቄት ፋብሪካዎች፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች፣ መካከለኛ ሆቴሎች አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ አያወጡም፤ ሰው የሚቀጥሩት በሰው በሰው ነው። ዘመድ የሌለው ምሩቅ ወደ እነርሱ የሚገባበት በር የለውም። እነዚህን በኢሜይል መጋበዝ ዋጋ የለውም፤ ሁለት ወጣቶች መድባችሁ በእግር ቤት ለቤት ሂዱ፣ ቅጹንም እዚያው አብራችሁ ሙሉ። ሙሉ ቀን ሥራቸውን ዘግተው መምጣት ስለማይችሉ ሦስትና አራቱ በየተራ የሚጠቀሙበት አንድ ጠረጴዛ አዘጋጁላቸው፤ ክፍያም አትጠይቋቸው። ወጪው በትልልቆቹ የጠረጴዛ ክፍያ ሊሸፈን ይችላል።

ቀኑና ቦታው

በሐዋሳ ቀን ሲመረጥ መራቅ ያለባችሁ ጊዜያት አሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከተማዋን በምእመን ይሞላታል፤ የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስም ሆቴልም ሆነ መኪና ማግኘት ይከብዳል፤ የበዓሉ ቀን በአያንቱዎች (ከዋክብትን አይተው ቀን በሚቆጥሩ የሲዳማ አዋቂዎች) የሰማይ ቆጠራ የሚታወቅ በመሆኑ ቀደም ብሎ ማጣራት ያስፈልጋል። የሰኔ መጨረሻና የሐምሌ መጀመሪያ ደግሞ የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚያልቅ ድርጅቶች ሒሳብ የሚዘጉበት ጊዜ ነው፤ የሚልኩላችሁ ኃላፊ አይኖራቸውም። እኔ የምመርጠው ከመስቀል በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ነው። የዓመቱ ምሩቃን በዚያን ጊዜ የመውጫ ፈተና ውጤታቸውንና ጊዜያዊ ዲግሪያቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ የቡናው ለቀማ ሊጀምር ስለሆነም የቡና ማጠቢያና ማበጠሪያ ጣቢያዎች ሒሳብ ያዥ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ የጥራት ተቆጣጣሪ የሚፈልጉበት ወቅት ነው።

ቦታው ከባጃጅ መሥመር ያልራቀ፣ ውኃና መጸዳጃ ያለው፣ መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር የሚነሣበት ይሁን። ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ሊፍት ከሌለው ተዉት። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት በአዋጅ ቁጥር 568/2000 የተደነገገ ሆኖ ሳለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ሰው ደረጃ ሥር ቆሞ ሲቪውን በሰው እጅ የሚልክበት አውደ ርዕይ ከበሩ ጀምሮ ተሳስቷል። ቢያንስ አንድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቅጠሩ፤ በምዝገባው ቅጽ ላይም ማን እንደሚያስፈልገው ጠይቁ።

ሥራ ፈላጊውን ማዘጋጀት

ከአውደ ርዕዩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የግማሽ ቀን ልምምድ ማድረግ ብዙ ነገር ይለውጣል። በዚያ ላይ ሲቪ ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ፣ ሃይማኖትና ብሔር እንዳይጻፍበት፣ ስልክ ቁጥሩ በትክክል የሚሠራ እንዲሆን ተመልከቱላቸው። የዲግሪ ምሩቅ ስቱደንት ኮፒውንና ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ የቴክኒክና ሙያ ምሩቅ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ማረጋገጫውን፣ ሁሉም የፋይዳ መታወቂያቸውን ይያዙ፤ ዋናውን ለማሳየት፣ ኮፒውን ለመስጠት። ዋናውን ሰነድ ለማንም ትተው እንዳይሄዱ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ከሁሉ በላይ ግን የቀጣሪዎቹን ዝርዝር ቀድማችሁ ስጧቸውና እያንዳንዱ ሦስት መደብ ብቻ እንዲመርጥ አድርጉ። ሁሉንም ጠረጴዛ የሚዞር ሰው በየትኛውም ዘንድ «ለምን ይህን ሥራ ፈለግህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይኖረውም። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገሩ ይህንኑ በሲቪያቸው ላይ ይጻፉ፤ ከገበሬ ጋር ለሚሠራ ቀጣሪና ለባንክ ቅርንጫፍ ትልቅ ዋጋ አለው።

ስለ ደላሎችም አስጠንቅቁ። የአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበል አይችልም፤ ይህንን በትልቁ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ፣ ገንዘብ የተጠየቀ ሰው የሚደውልበትንም ቁጥር ከሥሩ አስፍሩ። ወደ ዓረብ አገር እንልካለን የሚሉትን በዚህ ዝግጅት ውስጥ አታስገቡ፤ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የራሱ ሕግና የራሱ ፈቃድ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው።

የመልስ ወረቀት

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ መተግበር ከቻላችሁ ይህንን ተግብሩ። ለእያንዳንዱ ጠያቂ የመዳፍ ስፋት ያላቸው፣ በሁለት ቅጂ የተዘጋጁ ወረቀቶች ስጡት። በወረቀቱ ላይ የድርጅቱ ስም፣ የመደቡ ስምና ሦስት ምርጫዎች ይኖራሉ፦ ለሁለተኛ ዙር በዚህ ቀንና ቦታ ቅረብ፤ ይህ ሰነድ ጎድሎሃልና እስከዚህ ቀን አምጣ፤ ለዚህ መደብ አልተመረጥህም። ጠያቂው ከውይይቱ በኋላ አንዱን ምልክት አድርጎ አንዱን ቅጂ ለሥራ ፈላጊው ይሰጣል፣ ሌላው በእናንተ ዘንድ ይቀራል። ቀጣሪዎች መጀመሪያ ላይ ይከራከራሉ፤ ፊት ለፊት «አልተመረጥህም» ማለት ይከብደናል ይላሉ። እኔ ግን ከብዙ ወጣቶች የሰማሁት፣ እንቢታው ሳይሆን ለወራት ስልክ እያዩ መጠበቁ እንደሚጎዳቸው ነው። ቁርጡን ያወቀ ሰው በዚያው ቀን ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል። መደቡ ሲሞላም በሰሌዳው ላይ ወዲያው ይሰረዝ፤ ለሌለ ቦታ ማንም አይሰለፍ።

በእናንተ ዘንድ የሚቀረው መረጃ የሰዎች የግል መረጃ መሆኑንም አትርሱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ የሥራ ፈላጊውን ስልክና ሰነድ ለምን እንደምትይዙና ለማን እንደምትሰጡ በምዝገባው ጊዜ አስረድታችሁ ፈቃዱን በፊርማ መቀበል ይገባችኋል። የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር በቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍ ለደላላና ለአጭበርባሪ በር መክፈት ነው።

ከአውደ ርዕዩ በኋላ

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ በጀቱ ሲያዝ ለሦስት ወር ስልክ የሚደውል አንድ ሰው አብሮ ይመደብ። በ7ኛው ቀን ሁለተኛ ዙር የተጠሩት በእርግጥ መፈተናቸውን፣ በ30ኛው ቀን የተቀጠሩት የጽሑፍ ውል መያዛቸውን ይጠይቅ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ይህን ያላገኘ ካለ ጉዳዩን ለከተማው ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ የእናንተ ድርሻ ነው። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ድርጅት ይህ 10 ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ስልክ በ12ኛው ሳምንት ይደወል፦ ስንቱ ሙከራውን አልፎ እየሠራ ነው፣ ስንቱ በሙከራ ላይ ሳለ ተሰናበተ፣ ስንቱ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ፣ ለምን? በእያንዳንዱ ቀጣሪ ስም ሥር ይህን ቁጥር ጻፉና አስቀምጡት። በሚቀጥለው ዓመት የጥሪ ደብዳቤ ስታዘጋጁ፣ ማን የመግቢያው ጠረጴዛ እንደሚሰጠውና ማን ጨርሶ እንደማይጋበዝ የምትወስኑት ከዚህ ዝርዝር ተነሥታችሁ ነው።