መጨረሻውን ቀድሞ ማወቅ ታሪክን ያበላሻል? በንባብ ክበብ የሚፈተንበት መንገድ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ የተከታታይ ድራማ ወሬ ከተነሳ «አደራ፣ መጨረሻውን እንዳትነግረኝ!» የሚል አይጠፋም። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ለሁሉም ታሪክ ግን እኩል አይሠራም። ጥናቶቹም አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን አስነብበው፣ መጨረሻው የተነገራቸው አንባቢዎች በአማካይ ይበልጥ እንደወደዱ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ቤንጃሚን ጆንሰንና ጁዲት ሮዘንባውም ወደ ተቃራኒው ያጋደለ ውጤት አወጡ። ስለዚህ የራሳችሁን ክበብ መፈተን ይሻላል፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

16 ሰው ካላችሁ መልካም ነው፤ ከ12 ካነሰ አትድከሙ። ማንም ያላነበባቸውን ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ምረጡ፤ እያንዳንዳቸው ከ6 እስከ 8 ገጽ፣ በ20 ደቂቃ ግድም የሚያልቁ። አንዱ «ማን አደረገው?» የሚያሰኝ፣ ሌላው የአንድን ሰው ኑሮ ቀስ ብሎ የሚተርክ ይሁን። ሰዉን በዕጣ ለሁለት ክፈሉ። «መጨረሻውን መስማት የሚፈልግ?» ብላችሁ ከለያችሁ ድሮም መጨረሻውን ቀድሞ መስማት የማያስከፋቸው ሰዎች አንድ ወገን ይሰበሰቡና ፈተናው ሳይጀመር ይበላሻል። በመጀመሪያው ታሪክ አንደኛው ቡድን መጨረሻውን ይወቅ፣ በሁለተኛው ታሪክ ሌላኛው።

መጨረሻውን የሚገልጠው ጽሑፍ 3 ወይም 4 ዓረፍተ ነገር ሆኖ እንደ መግቢያ ይጻፍ። ለሌላው ቡድን በዚያው ልክ፣ ስለ ቦታውና ስለ ዘመኑ ብቻ የሚያወራ መግቢያ ስጡ፤ አለዚያ የአንዱ ወረቀት ረዝሞ ሲታይ ሁሉም ይነቃል። የመጨረሻውን ገጽ ለብቻ ያዙና እዚያ ለደረሰ ብቻ አቀብሉ። ቀድሞ ገልጦ የሚያይ አንባቢ በየክበቡ አለ።

ነጥብ የሚሰጠው ከ1 እስከ 10፣ በታጠፈ ወረቀት ነው። ጥያቄዎቹ ሁለት ይሁኑ፦ ታሪኩን ምን ያህል ወደዳችሁት? ምን ያህል ልብ አንጠለጠለ? ለየብቻ መጠየቁ ግድ ነው፤ መጨረሻውን ያወቀ ሰው ልቡ ሳይንጠለጠልም ታሪኩን ሊወደው ይችላል። ወረቀቱ አቦል ከመቀዳቱ በፊት ይሰብሰብ። ወግ ከተጀመረ በኋላ የሚሰጥ ነጥብ የመጀመሪያው ተናጋሪ ነጥብ ነው። ክርክሩ ለቶናና ለበረካ ይቆይ። ሁለቱንም ታሪኮች በአንድ ቀን ጨርሱ፤ ለሳምንት ካሳደራችሁት ከኮምቦልቻ የመጡት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ የማን ወረቀት ምን እንደሚል ተነጋግረው ይጨርሳሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ በየታሪኩ የሁለቱን ቡድን አማካይ አስተያዩ። የ8 ሰው ድምር አንዱ ጋ 56፣ ሌላው ጋ 60 ቢሆን 7 እና 7.5 ይወጣል። ይህ ልዩነት ሁለት ሰዎች ሁለት ሁለት ነጥብ ስለጨመሩ ብቻ ሊመጣ ይችላልና ምንም አትደምድሙበት። ከ1 ነጥብ በላይ ከሆነ ግን በሌሎች ሁለት ታሪኮች ድገሙት።

ቀስ ብሎ የሚተርከው ታሪክ ብዙም ባይጎዳ አይግረማችሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ወዴት እንደሚሄድ ርዕሱ ራሱ ይናገራል፤ ሕዝቡ ግን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ በጉጉት ሰምቶታል። ልጆችም ፍጻሜውን በቃላቸው የያዙትን ተረት «ድገሚልን» ይላሉ። የወሎ መንዙማ አድማጭ አዝማቹን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ደስታው መቀበሉ ላይ ነው። ሚስጥሩ በተደበቀ ሰው ላይ የቆመ ታሪክ ግን ሌላ ነው። እዚያ ስሙን ቀድሞ መስማት አንባቢው ራሱ የሚፈታውን እንቆቅልሽ ይነጥቀዋል።

ለወዳጅ ስትነግሩም አስቀድማችሁ ጠይቁ። መነሻውን ብቻ ለሚፈልግ ከታሪኩ ሩብ አትለፉ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ወይም እህል ውኃ አልወርድ ላላት እናት «ሞት አለበት» ብሎ ማስጠንቀቅ ማበላሸት አይደለም፤ መራራት ነው። አጥብቀን የምንከለክለው አንድ ነገር ቢኖር «መጨረሻው ጉድ ነው፣ አትገምተውም» የሚለውን ነው። ተናጋሪው ስም ስላልጠራ ምንም ያልነገረ ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሁሉን እየጠረጠረ ያነባል።