ርካሽ የቻይና የቀለም ብዕር ሲገዙና ሲጠቀሙ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከ10 ዶላር በታች በሚሸጡት የቻይና የቀለም ብዕሮች ላይ የሚሰማው ወቀሳ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ወረቀት ይጭራሉ፣ ቶሎ ይደርቃሉ፣ ቀለም ይተፋሉ። ጂንሃዎ፣ ሂሮና ዊንግ ሰንግ የተባሉትን ለዓመታት ስጽፍባቸው የተረዳሁት ግን አብዛኛው ጥፋት የብዕሩ ሳይሆን የእኔ እንደነበረ ነው። በእነዚህ ብዕሮች ዋጋ ላይ የተቀነሰው የብረቱና የፕላስቲኩ ጥራት ብቻ አይደለም፤ ብዕሩ ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት ጫፉን በአጉሊ መነጽር እያየ የሚያስተካክል ሰው ድካምም አብሮ ተቀንሷል። ያንን ሥራ ገዢው ራሱ ካልሠራው የሚሠራለት የለም።

የመጀመሪያው ስህተት አዲሱን ብዕር ሳያጥቡ ቀለም መሙላት ነው። ከጫፉ ሥር ያለው ባለ ስንጥቅ ፕላስቲክ ቀለሙን ወደ ጫፉ የሚያደርሰው በጠባብ ቦይ በኩል ስለሆነ፣ ከማምረቻው ማሽን የቀረ ጥቂት ዘይት እንኳ ፍሰቱን ያቋርጠዋል፤ ቃል ሲጀምሩ ይጽፍና መሐል ላይ ይዘላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ለብ ባለ ውኃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሮ፣ በቀለም መሳቢያው ደጋግሞ እየሳቡ መልቀቅ፣ ከዚያም በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ሶፍት ላይ ማሳደር ይበቃል። የሚፈላ ውኃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ አልኮልና አሴቶን ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፉትን የብዕር ቀፎዎች (የብዕሩን የውጭ አካል) ይሰነጥቋቸዋል።

ሁለተኛውና ብዙ ብዕር ያበላሸው ስህተት ብዕሩ ሲጭር ወደ ብርጭቆ ወረቀት መሮጥ ነው። የብዕሩ ጫፍ መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ፣ ሁለት ቀጫጭን ጥርሶች ያሉት የማይዝግ ብረት ሲሆን፣ ከወረቀቱ ጋር የሚገናኘው በመጨረሻው ላይ የተበየደው ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ጠንካራ ብረት ነው። ርካሽ ብዕር የሚጭረው ብዙውን ጊዜ ይህ ቅንጣት ሻካራ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሁለቱ ጥርሶች እኩል ስላልሆኑ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው በፀጉር ስፋት ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ስላለ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጫፉን ፊት ለፊት ማየት፣ ከፍ ያለውን ጥርስ በጥፍር ቀስ አድርጎ ወደ ታች መጫን፣ ጥቂት መስመር መጻፍ፣ እንደገናም ማየት ያስፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን ብዕሬን ይህን ሳላይ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌው ቅንጣቱን ጨርሼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ምስማር ነበር የሚጽፈው። ከማስተካከል በኋላም ሻካራነቱ ከቀረ፣ ጥፍር ማለስለሻ በሚባለው መሣሪያ እጅግ ለስላሳ ገጽ ላይ ጥቂት ጊዜ ያለ ጫና ማሽከርከር ይበቃል፤ በየሦስትና አራት ዙሩም ቆም ብሎ መሞከር ይገባል። ደግነቱ፣ እንደ ጂንሃዎ ኤክስ 450 እና 159 ባሉት ላይ የሚገጠመው ቁጥር 6 የሚባለው ጫፍ ተስቦ የሚወጣ ስለሆነ፣ ቢበላሽም በትንሽ ገንዘብ ሌላ መተካት ይቻላል።

ሦስተኛው፣ በቢክ የለመደ እጅን ሳያስተካክሉ መጻፍ ነው። ቢክ ኳሷ እንድትሽከረከር መጫንን ይጠይቃል፤ የቀለም ብዕር ግን ቀለሙ በራሱ ስለሚወርድ ወረቀቱን መንካት ብቻ ይበቃዋል። የሚጫን ሰው ጥርሶቹን ቀስ በቀስ እያራራቀ ይሄድና አንድ ቀን ብዕሩ ቀለም ማድረስ ያቆማል። 159ን የመሰሉት ከ40 ግራም በላይ የሚመዝኑ ብዕሮች ክብደታቸው ብቻውን ለመጻፍ ስለሚበቃ፣ እጅ ጨምሮ ሊጫናቸው አይገባም።

የጫፍ ውፍረት ምርጫ ላይ የሚፈጸመው ስህተት በተለይ በአማርኛ የሚጽፍን ሰው ይመለከተዋል። ፊደላችን በትንንሽ ቀለበቶችና ቅጥያዎች የሚለይ ነውና፣ ወፍራም ጫፍ በአነስተኛ የእጅ ጽሑፍ ላይ የቤን፣ የዴንና የጼን ቀለበት በቀለም ይደፍነዋል፤ ሟ እና ኗ የመሳሰሉትም ተለይተው አይነበቡም። ጂንሃዎ ኤክስ 450 እና ኤክስ 750 በብዛት የሚመጡት በመካከለኛ ጫፍ ስለሆነ ለፊርማና ለትልልቅ ጽሑፍ እንጂ ለጠባብ ደብተር አይመቹም። የቻይና ሻጮች 0.38 እና 0.5 ሚሊ ሜትር ብለው የሚለዩዋቸው ቀጫጭን ጫፎች ለእኛ ፊደል የተሻሉ ናቸው። ቻይና ውስጥ ተማሪዎች ከአንደኛ ደረጃ ጀምረው በቀለም ብዕር መጻፍ ስለሚለማመዱና የራሳቸው ፊደልም ጥቃቅን ጭረት የበዛበት ስለሆነ፣ ቀጭን ጫፍ በቀላሉ ይገኛል። ቀጭን ጫፍ ግን ወረቀቱን ትንሽ እንደሚያሰማ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያ ጉድለት አይደለም።

ቀለምን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፤ ለቀለም ብዕር ተብሎ ያልተሠራ ቀለም አይገባበትም። ለሥዕል የሚሸጠው የህንድ ቀለም ሲደርቅ የሚጠነክር ማጣበቂያ ስላለበት ቦዩን ይዘጋዋል። ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል የሚዘጋጀው የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለምም፣ ለመቃ ብዕር የሚስማማውን ያህል ለዚህ ጠር ነው። ከተማሪ ብዕሮች ጋር የሚመጣው ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀላሉ እንዲጠፋ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ለውልና ለማመልከቻ መጠቀም አያዋጣም።

ካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶ የሚሸጥ ተነቃይ ቱቦ፣ የሚገዛ ሰው የቱቦውን አፍ ይለካ። በቻይና ገበያ 2.6 እና 3.4 ሚሊ ሜትር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ ትንሹን በትልቁ ቦታ በግድ ማስገባት ይሰነጥቀዋል፣ ትልቁ በትንሹ ላይ ደግሞ ያንጠባጥባል።

ሂሮ 616 ላይ የሚሠራው ስህተት የተለየ ነው። ይህ ብዕር በ1941 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣውን ፓርከር 51 በመምሰል ጫፉ ተሸፍኖ የተሠራ ሲሆን፣ የሚሞላው በውስጡ ያለውን ከረጢት የሚጫነውን የብረት ዘንግ በመጫን ነው። ብዙ ሰው አንዴ ተጭኖ ወዲያው ያወጣውና ሞላሁ ይላል፤ ጫፉ ቀለሙ ውስጥ እንዳለ አምስት ስድስት ጊዜ እየተጫኑ፣ በየመሐሉ ከረጢቱ እስኪነፋ መጠበቅ ይገባል። የዚህ ብዕር አስመስሎ የተሠራ በብዛት ስላለ፣ አንዱ ባይሠራ ሌላው እንዲተካ ሁለት ወይም ሦስት በአንድ ጊዜ መግዛት ብልህነት ነው። ዊንግ ሰንግ 3008ን የመሰሉት ብርሃን የሚያሳልፉ ብዕሮች ደግሞ ክዳናቸው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል፤ ሲነካ ማቆም ነው።

የቀረው የጉዞ ነገር ነው። አየር ከፍታ ሲጨምር ይለጠጣል፤ በብዕሩ ቀለም መያዣ ውስጥ ያለው አየር ሲለጠጥም ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ሲወጡ በግማሽ የተሞላ ብዕር በኪስ አግድሞ መያዝ ሸሚዝ ያስከፍላል። በአውሮፕላን ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ስጋቱን በተሳሳተው የጉዞ አቅጣጫ ላይ ማስቀመጥ ነው። የመንገደኞች ክፍል የአየር ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው በታች እንዳይወርድ ስለሚጠበቅ፣ ያም ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ ስለማይርቅ፣ ከቦሌ ለሚነሳ ሰው አደጋው ትንሽ ነው። ከዱባይ ወይም ከጂዳ ለሚመለሰው ግን ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጀምሮ ስለሚቀንስ፣ ብዕሩን ወይ ጢም አድርጎ መሙላት ወይ ባዶ ማድረግ፣ ጫፉንም ወደ ላይ አቁሞ መያዝ ያስፈልገዋል። ቦሌ ደርሶ የጉምሩክ ፎርም ሊሞላ ሲልም፣ መጀመሪያ ክዳኑን ሶፍት ይዞ ይክፈት።