የኮሌጅ ፉትቦል ምልምሎችን በተመለከተ ደጋፊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ውድድር ከኦገስት መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ ይዘልቃል፤ የምልመላው ወሬ ግን ዓመቱን ሙሉ አይበርድም። የአውሮፓን እግር ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ጉጉት መጀመሪያ ላይ እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ተጫዋች በዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ የሚቆየው አራት ወይም አምስት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ አሰልጣኙ በየዓመቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን መልምሎ የጎደለውን መሙላት ይኖርበታል፤ የቡድኑ የነገ ዕጣም በአብዛኛው የ17 ዓመት ልጅ በሚወስነው ውሳኔ ላይ ይንጠለጠላል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በዳላስና በአትላንታ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም በልጆቻቸው ምክንያት ወደዚህ ጨዋታ እየተሳቡ ስለሆነ፣ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

ተስፋ ማድረግ የደጋፊ ወግ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ስለ ብዙ ልጆች በጅምላ የተሰላን ግምት በአንድ ልጅ ስም እንደተጻፈ ዕዳ ስንቆጥረው ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮከብን እንደ ዋስትና መቁጠር

እንደ 247ስፖርትስ፣ ራይቫልስና ኢኤስፒኤን ያሉ ድርጅቶች ለምልምሎች እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣሉ። ባለ አምስት ኮከቦቹ በየዓመቱ ከሠላሳዎቹ ብዙም አይርቁም። 247ስፖርትስ ቁጥሩን 32 አካባቢ የሚያደርገው በኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በመጀመሪያው ዙር ከሚመረጡት ተጫዋቾች ብዛት ጋር እንዲመጣጠን ነው። ስለዚህ አምስተኛው ኮከብ የሚለው ነገር የተወሰነ ነው፦ ይህ ልጅ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ በመጀመሪያው ዙር ሊመረጥ የሚችል ይመስለናል። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ እዚያ ዙር ላይ አይደርሱም። ይህ ደግሞ የደረጃ አውጪዎቹን ስንፍና አያሳይም፤ ጉዳት፣ የአሰልጣኝ መቀያየር፣ የሰውነት ዕድገትና የቤት ናፍቆት አስቀድሞ በቁጥር ሊሰፈሩ የማይችሉ በመሆናቸው ነው።

የክዊን ዩወርስ ታሪክ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። የተለያዩ ድርጅቶችን ደረጃ በሚያዋህደው በ247ስፖርትስ ጥምር ስሌት ሊገኝ የሚችለውን ከፍተኛውን ነጥብ፣ ማለትም ሙሉ 1.0000 ያገኘ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራና ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) ነበር። ከእርሱ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ያንኑ ነጥብ የያዘው ቪንስ ያንግ በ2006 መባቻ በሮዝ ቦል የፍጻሜ ጨዋታ ዩኤስሲን (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን) አሸንፎ ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የአገር ሻምፒዮንነት ስላመጣ፣ ደጋፊው ከዩወርስም ያንኑ ጠበቀ። ዩወርስ በ2021 ኦሃዮ ስቴት ገብቶ አንድም ኳስ ሳይወረውር ወደ ቴክሳስ ተዛወረ፤ በዚያም ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር ሻምፒዮኑ ለሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ለኮሌጅ ፉትቦል ፕሌይኦፍ አበቃው፤ በሁለት ተከታታይ የውድድር ዘመናትም ግማሽ ፍጻሜ አደረሰው። በ2025 ድራፍት ግን የተመረጠው በሰባተኛውና በመጨረሻው ዙር፣ በ231ኛ ተራ ነበር። ብዙዎች ይህን ውድቀት ብለው ሰይመውታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ ያደረሰ ልጅ ለዩኒቨርሲቲው ያለበትን ሁሉ ከፍሏል። ያልተሟላው እርሱ ገና ልጅ ሳለ ሌሎች የተነበዩለት ትንበያ ነው።

«ኮከብ ምንም ማለት አይደለም» ብሎ መደምደም

በመጀመሪያው ስህተት ልቡ የተሰበረ ደጋፊ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚህኛው ይሸጋገራል። ማስረጃ አያጣም። ጄጄ ዋት ባለ ሁለት ኮከብ ነበር፤ በሴንትራል ሚሺጋን ጀምሮ ያለ ስኮላርሺፕ ወደ ዊስኮንሲን ተሻገረ፤ በኤንኤፍኤል ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ባለ ሦስት ኮከቡ አሮን ዶናልድም ይህንኑ ክብር ሦስት ጊዜ አግኝቷል። ከካሊፎርኒያዋ ትንሽ የገበሬ ከተማ ከፋየርባ የወጣው ጆሽ አለን ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ የላይኛው ምድብ ዩኒቨርሲቲዎች ፊታቸውን ስላዞሩበት በሪድሊ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቶ ዋዮሚንግ ገባ፤ በ2018 ድራፍት በ7ኛ ተራ ተመረጠ።

እነዚህ ታሪኮች እውነት ናቸው፤ የሚወጣባቸው ድምዳሜ ግን ስሌቱን ይስታል። ባለ ሦስት ኮከብ ተጫዋቾች በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ ባለ አምስት ኮከቦቹ ሠላሳ ገደማ ብቻ ናቸው። ከሺዎቹ ውስጥ አንድ ዶናልድ መውጣቱ ስለ ቀሪዎቹ ዕድል የሚነግረን ነገር የለም። እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ ወስደን ብንጠይቅ፣ የባለ አምስት ኮከቡ ወደ ኤንኤፍኤል የመግባት ዕድል ከባለ ሦስቱ እጅግ የላቀ ነው። በቡድን ደረጃም እንዲሁ ነው፤ ተንታኙ ባድ ኤሊየት ለዓመታት እንዳሳየው፣ እስከ 2024 የውድድር ዘመን ድረስ ሻምፒዮን የሆኑት ቡድኖች ከመለመሏቸው ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ኮከብ ነበሩ። ስለዚህ ደጋፊው ቡድኑ ብዙ ባለ ከፍተኛ ኮከብ ልጆችን ሲያስፈርም መደሰቱ አግባብ ነው። ያንኑ ደስታ ወደ አንድ ልጅ አውርዶ «አንተ ግን ማሳካት አለብህ» ሲል ግን ስሌቱ አብሮት አይወርድም።

በተቀነጨበ ቪዲዮ መፍረድ

የሦስት ደቂቃው ሀይላይት የተዘጋጀው ልጁ ለአሰልጣኞች ራሱን እንዲያስተዋውቅ ነው፤ ያልተሳካው ሁሉ ተቆርጦ ወጥቷል። ደጋፊው ሙሉ ጨዋታ ማየት ከቻለ ዓይኑን ከኳሱ ላይ አንሥቶ ቢከታተል ይጠቀማል። ቡድኑ አሥር ያርድ ለመሄድ ከተሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው ነው፣ ስምንት ያርድ ይቀራል፣ ተከላካዮች ከግራ በኩል ሰብረው እየመጡ ነው እንበል። በዚያች ቅጽበት ኳርተርባኩ ዓይኑን ወደ ፊት እንደተከለ ይቆያል ወይስ ወደሚመጡበት ሰዎች ዝቅ ያደርጋል? እግሩ ባለበት ይንቀሳቀሳል ወይስ ገና ሳይነካ ሸሽቶ የራሱ ተጫዋቾች ከሚከላከሉለት ክብ ይወጣል? መጀመሪያ ያየው ተቀባይ ሲዘጋበት ወደ ሁለተኛው ይዞራል? አሰልጣኞች ደጋግመው የሚያዩት ይህንን ነው፤ ከዚህ ውስጥ ግን ሀይላይቱ ውስጥ የሚገባ የለም ማለት ይቻላል። የተጋጣሚው አቅምም ሊጤን ይገባል። በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሁሉንም ጥሎ የሚሮጥ ልጅ፣ ከበስተኋላው የሚያባርሩት ልጆች አንዳቸውም ኮሌጅ የማይጫወቱ ሊሆኑ ይችላሉ።

የቃል ስምምነትን እንደ ፊርማ ማየት

አንድ ምልምል ካሜራ ፊት የዩኒቨርሲቲውን ኮፍያ አድርጎ «እዚህ እገባለሁ» ሲል የተናገረው ነገር ማንንም በሕግ አያስርም። የፊርማው ጊዜ የሚመጣው በዲሴምበር ወይም በፌብሩዋሪ ነው፤ እስከዚያው አሰልጣኙም ሐሳቡን ሊቀይር፣ ልጁም ሊቀይር ይችላል። ትራቪስ ሀንተር ለፍሎሪዳ ስቴት ቃል ከገባ በኋላ በዲሴምበር 2021 ለጃክሰን ስቴት ፈረመ፤ የምልምሎቹ ሁሉ ቁንጮ የነበረ ልጅ በታሪክ የጥቁሮች የሆነን ዩኒቨርሲቲ መምረጡ አገር ያነጋገረ ነገር ነበር። ብራይስ አንደርውድም በኖቬምበር 2024 ኤልኤስዩን (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን) ትቶ ወደ ሚሺጋን ዞሯል። በዚህ ጊዜ «ከሃዲ» እያሉ ለልጁ የሚጽፉ አዋቂዎች አሉ፤ ይህ ከልብ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። አሰልጣኙ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ከአንድ ሳምንት በኋላ ሌላ ከተማ ውስጥ መግለጫ ይሰጣል፤ ከተማሪው ግን የማይናወጥ ጽናት እንጠብቃለን።

በመጀመሪያው ዓመት ፍሬ መጠበቅ

ትሬቨር ሎውረንስ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ክሌምሰንን መርቶ በጃንዋሪ 2019 አላባማን 44 ለ 16 አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ደጋፊው ከእያንዳንዱ ታላቅ ኳርተርባክ ያንኑ ይጠብቃል፤ ሎውረንስ ግን ልዩ ሁኔታ ነው።

የሚያስፈልገው ጊዜ እንደ ቦታው ይለያያል። ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው) እና ዋይድ ሪሲቨር (የተወረወረውን የሚቀበለው) ፍጥነታቸውን ይዘው ስለሚመጡ ቶሎ ሊያበሩ ይችላሉ። በማጥቃት መስመር ላይ ቆሞ ኳርተርባኩን የሚጠብቀው ልጅ ግን የ18 ዓመት ሰውነቱን ይዞ የ22 ዓመት ጎልማሳ ፊት ይቆማል፤ ጡንቻው እስኪጠነክር፣ ክብደቱም እስኪስተካከል ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢወስድ የሚያስደንቅ አይደለም። ከ2018 ጀምሮ አንድ ተጫዋች እስከ አራት ጨዋታ ተሰልፎም ቢሆን የመጫወቻ ዓመቱ እንዳይቆጠርበት የተፈቀደው አሠራር ለእንዲህ ያሉ ልጆች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ስለዚህ በኦክቶበር ላይ «ያ ባለ አምስት ኮከብ የት ጠፋ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ልጁ ምናልባት አሰልጣኙ ባቀደለት ቦታ በትክክል ሊገኝ እንደሚችል ቢያስብ መልካም ነው።

ከሁሉም የጆ በሮው መንገድ ይህን ያስረዳል። በ2015 ኦሃዮ ስቴት ገብቶ ለሦስት ዓመታት ያህል ከተጠባባቂነት አልወጣም። በ2018 ወደ ኤልኤስዩ ሄደ፤ የመጀመሪያው ዓመቱም እምብዛም አላስደነቀም። በ2019 ግን 60 የታችዳውን (ነጥብ የሚያስገኙ) ኳሶችን ወርውሮ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ወሰደ፣ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2020 ድራፍትም በአንደኝነት ተመረጠ። በተጠባባቂነት በተቀመጠባቸው ዓመታት ተስፋ የቆረጠበት ደጋፊ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የምልመላ ደረጃን ከቡድን ጥንካሬ ጋር ማምታታት

ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2022 ያስፈረማቸው ምልምሎች ስብስብ በ247ስፖርትስ ስሌት እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገቡት ሁሉ የላቀ ነበር። በዚያው ዓመት ቡድኑ 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፤ ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ተጫዋቾች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር በሚመዘገቡበት በትራንስፈር ፖርታል በኩል ተበታተኑ፤ አሰልጣኝ ጂምቦ ፊሸር በኖቬምበር 2023 ሲሰናበት ውሉ ያስገደደው ክፍያ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በአንጻሩ ከርት ሲግኔቲ በ2023 ዘጠኝ ጊዜ የተሸነፈውን ኢንዲያናን ሲረከብ፣ ከቀድሞ ቡድኑ ከጄምስ ማዲሰን ከአሥር በላይ ተጫዋቾችን ይዞ መጣ፤ በ2024 የውድድር ዘመን 11 ጨዋታ አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ። እነዚያ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርሱ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልተሻሟቸውም፤ ነገር ግን የአሰልጣኙን አሠራር ያውቁ ነበር፤ የኮሌጅ ሜዳ ላይም ተፈትነው ነበር። ዛሬ የዲሴምበሩን ዝርዝር ብቻ አይቶ ስለሚመጣው ዓመት የሚተነብይ ሰው፣ በጃንዋሪ የሚመጡትንና የሚሄዱትን ስለማይቆጥር ግምቱ ጎዶሎ ነው።

በተወራ ገንዘብ መጠን መለካት

ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ ሊከፍሏቸው ይችላሉ። ከዚህ የተነሣ «ይህን ያህል ሚሊዮን ወስዶ ኳስ ጣለ» የሚል ቁጣ የተለመደ ሆኗል። የሚወራው መጠን ብዙ ጊዜ የተረጋገጠ አይደለም። ቢረጋገጥም ገንዘቡን ለመክፈል የወሰኑት የልጁን ዕድሜና ልምድ የሚያውቁ አዋቂዎች ናቸው።

በአንድ ጨዋታ መደምደም

አርች ማኒንግ የአርቺ የልጅ ልጅ፣ የፔይተንና የኢላይ የወንድም ልጅ ነው፤ ስለዚህ የሚጠበቅበት ነገር ከመፈረሙ በፊት፣ ከቤተሰብ ስሙ ጋር አብሮት የመጣ ነው። በ2023 ቴክሳስ ገብቶ ሁለት ዓመት ከዩወርስ ኋላ ተራውን ጠበቀ፤ ዝውውር እንዲህ በቀለለበት ዘመን ይህ ሊከበርለት ይገባል። በ2025 ተራው ሲደርስ ቴክሳስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሩ በፊት በሚወጣው የዜና ድርጅቱ የአሶሺዬትድ ፕሬስ የቡድኖች ደረጃ ዝርዝር አንደኛ ተብሎ ነበር። ኦገስት 30 ቀን ኮሎምበስ ላይ በኦሃዮ ስቴት 14 ለ 7 ተሸነፈ፤ ማኒንግ ከ30 ውርወራ 17ቱን ብቻ አሳካ። ያን ቀን ማታ «የተጋነነ ስም» የሚለው ፍርድ ተሰጠ፤ ያ ሽንፈት የተመዘገበው በቀደመው ዓመት ሻምፒዮን ሜዳ ላይ፣ የውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ መሆኑን ያነሣ ሰው ጥቂት ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በኖቬምበር መጨረሻ፣ እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ኦስቲን መጥቶ በማኒንግ የሚመራው ቡድን 27 ለ 17 አሸነፈው።