ሃኒቤሪ ሰማያዊ ስለሆነ ብቻ አልበሰለም

ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ የሚችለውን ሃኒቤሪ የተባለ ሰማያዊ ፍሬ የሚሰጥ ቁጥቋጦ (ሃስካፕም ይሉታል) ተክላችሁ፣ ፍሬው ፊት የሚያጨማድድ ኮምጣጣ ከሆነባችሁ ቁጥቋጦውን ለመንቀል አትቸኩሉ። ጥፋቱ የተክሉ ሳይሆን የለቃሚው ሊሆን ይችላል።

ይህ ፍሬ አታላይ ነው። ላዩ ቀድሞ ሰማያዊ ይሆናል፤ ውስጡ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ከመልቀማችሁ በፊት ከተለያየ ቅርንጫፍ ሦስት አራት ፍሬ ቀንጥሱና በጥፍራችሁ ለሁለት ክፈሉት። መሃሉ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት። ወይን ጠጅ ሆኖ ጣታችሁን ካቀለመ ደርሷል። ብዙ ጊዜ ቆዳው ሰማያዊ ከሆነ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት መታገስ ይጠይቃል። ስኳሩ የሚጨምረው፣ ኮምጣጣነቱም የሚቀንሰው በእነዚያ ቀናት ነው።

ለመልቀም ደግሞ ከሥሩ አሮጌ አንሶላ ዘርጉና ቅርንጫፉን ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት። የበሰለው ራሱ ይረግፋል፤ ጥሬው ሙጭጭ ብሎ ይቀራል። ወገብም ያርፋል።

ችግሩ፣ ለወፎችም ይህ ፍሬ ነፍሳቸው ነው። እናንተ ስትታገሱ እነሱ ጨርሰውት ይሄዳሉ። ላዩ ሰማያዊ መሆን ሲጀምር መረብ አልብሱት፤ ከታች በኩልም በደንብ ዝጉት፣ እዚያ ነው የሚሾልኩት።

ደግሞ ዘመዶቹን ተጠንቀቁ። ሃኒሰክል ከሚባሉት ሐረጎችና ቁጥቋጦዎች ብዙዎቹ መርዛማ ፍሬ አላቸው። ምንነቱን በእርግጠኝነት ያላወቃችሁትን ተክል ፍሬ አትቅመሱ።