በሳይለንት ሀንተር 3 ኮንቮይ እንዴት ይመታል?

ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ሳይለንት ሀንተር 3 የተባለ የኮምፒውተር ጌም የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ አድርጎ አትላንቲክ ላይ ያዘምታችኋል። ብቻዋን የምትጓዝ የንግድ መርከብ ማስመጥ ቀላል ነው። ኮንቮይ፣ ማለትም በጦር መርከቦች ታጅቦ የሚጓዝ የንግድ መርከቦች ቡድን፣ ግን ሌላ ጉድ ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው ቦታ ሳይዝ ስለሚተኩስ ነው።

መጀመሪያ ፍጥነቱን እወቁ

ኮንቮዩን ስታገኙ አትቸኩሉ። ከሩቅ ተከተሉት። ያለበትን ቦታ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ልክ ከ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ በኋላ ደግሞ ሌላ ምልክት። በመካከላቸው 800 ሜትር ካለ ፍጥነቱ 8 ኖት (በሰዓት 8 የባሕር ማይል) ነው፤ 600 ከሆነ 6። ምልክቶቹን የሚያገናኘው መስመር አቅጣጫውን ይነግራችኋል።

ቀድማችሁ ጠብቁት

ታይፕ 7ሲ የተባለው ሰርጓጅ ውሃ ላይ 17 ኖት ይሄዳል። ውሃ ስር ግን 8 እንኳ አይሞላም፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ውሃ ላይ ሆናችሁ፣ ከዕይታቸው ርቃችሁ ዙሩና ከፊታቸው ቅደሙ። ከዚያ ጥለቁ። አፍንጫችሁ የጉዞ መስመራቸውን በ90 ዲግሪ ይይ። ፍጥነታችሁን ወደ 1 ወይም 2 ኖት አውርዱ፣ ድምፅ አጥፉ። የፊተኛው አጃቢ ይለፍ። ፔሪስኮፑን (ከውሃ በላይ የሚያሳየውን ቱቦ) ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አውጡ። ከቅርቡ ሰልፍ 900 ሜትር ያህል መራቅ ጥሩ ነው፤ ከ300 በታች ከሆነ ቶርፔዶው (ውሃ ውስጥ የሚወነጨፈው ፈንጂ) አይፈነዳም።

አተኳኮስ

እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ይህ ነው፣ ርቀትን በትክክል መለካት አይጠይቅምና። ኮንቮዩ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነ፦

1. ፔሪስኮፑን 0 ላይ (ቀጥታ ወደ ፊት) አድርጋችሁ የዒላማውን ፍጥነት፣ ለምሳሌ 8፣ አንግሉን (ከዒላማው አፍንጫ አንፃር እናንተ ያላችሁበትን ማዕዘን) ቀኝ 90 ብላችሁ አስገቡ።
2. በ30 ኖት የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ቶርፔዶ ምረጡ። የእንፋሎቱ ፈጣን ነው፤ ግን ቀን ላይ የአረፋ መስመሩ ያጋልጣችኋል።
3. የቶርፔዶው መታጠፊያ ማዕዘን 0 እስኪያሳይ (ማለትም ቶርፔዶው ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እስኪሄድ) ፔሪስኮፑን ወደ ግራ አዙሩ። 345 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። እዚያው ይቁም።
4. የመረጣችሁት መርከብ መስመሩን ሲያቋርጥ ተኩሱ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ፍንዳታ እንደተሰማ ሁሉም መርከብ መጠማዘዝ ይጀምራል፤ የቀረው ቶርፔዶ ባዶ ውሃ ያቋርጣል። ስለዚህ የሩቁን አስቀድሙ። በ30 ኖት ቶርፔዶው በደቂቃ ከ900 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሁለተኛው ሰልፍ በ900 ሜትር የሚርቅ ከሆነ ወደ እሱ ተኩሳችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ ወደ ቅርቡ። ፍንዳታው አብሮ ይመጣል። አራቱን የፊት ቱቦዎች በዚህ መንገድ መጠቀም ከተቻለ ከዚያ የተሻለ ጥቃት የለም። ነዳጅ ጫኞችን አስቀድሙ።

ሌሊት ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። የጀርመኑ አዛዥ ኦቶ ክሬችመር ዩ-99 በተባለው ሰርጓጁ ውሃ ላይ ሆኖ ኮንቮዩ መሀል ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1940 ኤስሲ 7 የተባለው ኮንቮይ እሱን ጨምሮ በበርካታ ሰርጓጆች ተጠቅቶ ከ35 መርከቦቹ 20 ሰመጡበት። በጌሙ ግን ይህን በ1943 እንዳትሞክሩት፤ የአጃቢዎቹ ራዳር ቀድሞ ያያችኋል።

ማምለጥ

ከተኮሳችሁ በኋላ ወደ ጥልቁ ውረዱና በኮንቮዩ ሥር እለፉ። የንግድ መርከቦቹ ሞተር ድምፃችሁን ይሸፍናል። አጃቢ በላያችሁ ሲያልፍ ሶናሩ (በድምፅ የሚፈልገው መሣሪያ) ያጣችኋል፤ ቦምቡ ሲወርድ በሙሉ ፍጥነት ታጠፉ። ጩኸቱ ሲቆም እንደገና ወደ 2 ኖት ተመለሱ። ድምፅ በማጥፊያው ላይ እስካላችሁ ድረስ ቶርፔዶ መጫኑ እንደሚቆም አትርሱ። አጃቢዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ ወደ ላይ ውጡ፣ ባትሪ ሙሉ፣ ቱቦዎቹን ጫኑና በዚያው አቅጣጫ እንደገና ቅደሟቸው።