«ፊቴ ምን ሆነ?»፦ ለጤና ማዕከላት ጉባኤ የትምህርት ሴሽን ስታቀርቡ

አንዲት እናት የተሰጣቸውን ፖስታ ሳይከፍቱ በፌስታል ይዘውት መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ፊቴ ምን ሆነ ብለው ነው ምርመራ ያዘዙልኝ?» አሉኝ። ፖስታው ውስጥ ያለው የአንጀት ካንሰር መመርመሪያ ነው። ቤት ውስጥ ትንሽ ሰገራ በቱቦ ይወሰድና ለላቦራቶሪ በፖስታ ይላካል። የእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል (FIT) ሲነበብ «ፊት» ነው የሚለው። ነርሷ «ፊት ቴስት» አለቻቸው፤ እሳቸውም የሰሙት ፊት ነው።

እኔ አሜሪካ ውስጥ አንድ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል በአስተርጓሚነት ጀምሬ አሁን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ነኝ። የዚያች እናት ጥያቄ በኋላ ጉባኤ ላይ ያቀረብነው ሴሽን መነሻ ሆነ። እዚያ የደረስነው ግን ሴሽን ለማቅረብ ያስገባነው አንድ ፕሮፖዛል ወድቆብን ነው። በየማዕከሉ የምትሠሩ አበሾች ብዙ ናችሁ። የምታውቁት ነገር መድረክ ላይ እንዲወጣ ስለምፈልግ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

የወደቀው ፕሮፖዛላችን ርዕሱ «አገልግሎትን ከባህል ጋር ማጣጣም፦ የማዕከላችን ተሞክሮ» የሚል ነበር። ማዕከላችን በስንት ቋንቋ እንደሚያገለግል፣ ምን ያህል እንደደከምን፣ ታካሚዎቻችን እንዴት እንደሚወዱን ጻፍን። ሁሉም እውነት ነው። ገምጋሚው የላከልን አስተያየት አንድ መስመር ነበር፦ ይህን የሰማ ሰው ወደ ማዕከሉ ሲመለስ ምን ያደርጋል? ደጋግሜ አነበብኩት። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ። የፕሮፖዛሉን ፎርም ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «የእኛን ሴሽን የተካፈለ ሰው ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲገባ እንዲህ ማድረግ ይችላል።» ይህን መጨረስ ካቃታችሁ ሐሳቡ ገና አልበሰለም ማለት ነው። እኛ በሁለተኛው ፕሮፖዛላችን የጻፍነው ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ «የአንጀት ካንሰር መመርመሪያ ዕቃውን ማንበብ ለማይችል ታካሚ በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ይችላል።» ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን የትኛውም ማዕከል ይህ ችግር አለበት። ምርመራው ከ45 እስከ 75 ዓመት ላለ ሰው የሚመከር ነው፤ መነሻ ዕድሜው በፈረንጆቹ 2021 ነው ከ50 ወደ 45 ዝቅ ያለው። በዚህ ዓይነት ቱቦ የሚመረመር ሰው ደግሞ በየዓመቱ መድገም አለበት። በየዓመቱ ለፌዴራል መንግሥት የምንልከው የዩዲኤስ ሪፖርት ላይም ይህ ምርመራ አንዱ መለኪያ ነው። ርዕሳችሁ ማዕከላት ከሚጠየቁባቸው መለኪያዎች ጋር ከተያያዘ ገምጋሚው ለምን እንደሚጠቅም ወዲያው ይገባዋል። የደም ግፊትም፣ የስኳርም እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ ጉባኤው «ፕሮፖዛል አስገቡ» ብሎ የሚያወጣውን የጥሪ ወረቀት አንብቡ። እስከ መጨረሻው አንብቡት። የሴሽኑ ርዝመት ስንት ደቂቃ ነው? ስንት ተናጋሪ ይፈቀዳል? መግለጫው የሚቆጠረው በቃል ነው በፊደል? ነጥብ የሚሰጠው በምን ላይ ነው? ነጥብ አሰጣጡ ተጽፎ ከወጣ፣ እንደ ፈተና ጥያቄ ቁጠሩትና እያንዳንዱን በስሙ መልሱ። የማስገቢያው ቀን ከጉባኤው ወራት ቀድሞ ስለሚያልፍ፣ ጥሪው ሲወጣ ሐሳባችሁ የተዘጋጀ ቢሆን ጥሩ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚወድቅበት ቦታ እንምጣ፦ የትምህርት ዓላማዎች። ፎርሙ ብዙውን ጊዜ ሦስት ገደማ ይጠይቃል። እኛ መጀመሪያ የጻፍነው «ተሳታፊዎች የባህልን አስፈላጊነት ይረዳሉ» የሚል ነበር። መረዳትን ማን ይለካዋል? ከወንበሩ የተነሳ ሰው መረዳቱን በምን ታውቃላችሁ? የሚታይ ግስ ፈልጉ፦ ይዘረዝራል፣ ያወዳድራል፣ ያዘጋጃል፣ ሠርቶ ያሳያል። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1956 ያወጡት የትምህርት ዓላማዎች አመዳደብ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ለዚህ ነው፤ ከማስታወስ ጀምሮ ወደ መተግበርና መገምገም እየከበደ ይሄዳል። በሁለተኛው ዙር እንዲህ አልን፦ «ተሳታፊዎች መመርመሪያው ሳይመለስ የሚቀርባቸውን ሦስት ምክንያቶች ይዘረዝራሉ፤ ታካሚው በራሱ ቃል መልሶ እንዲያስረዳ የሚጋብዝ ጥያቄ ይጽፋሉ፤ ለራሳቸው ማዕከል አንድ ገጽ በሥዕል የተደገፈ መመሪያ ይነድፋሉ።» ልዩነቱ ያስታውቃል።

ጉባኤው ለሐኪሞችና ለነርሶች ተከታታይ የሙያ ትምህርት ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ ዓላማዎቹ የበለጠ በጥብቅ ይታያሉ። ከመድኃኒት ወይም ከሕክምና ዕቃ አምራች ጋር የገንዘብ ግንኙነት ካላችሁ እንድታሳውቁም ትጠየቃላችሁ። ሴሽኑ ውስጥ የአንድን ድርጅት ዕቃ ማስተዋወቅ አይቻልም።

ተናጋሪ ስትመርጡ ቆም በሉ። የተለመደው ዳይሬክተሩን፣ ሐኪሙንና አንድ የፕሮግራም ኃላፊ መደርደር ነው። ሥራውን የሠራው ሰው ግን የት አለ? ስልክ የደወለው፣ ቤት ድረስ የሄደው? እዚህ ላይ የማዕከላቱን ታሪክ ማወቅ ይረዳል። ጃክ ጋይገርና ካውንት ጊብሰን የተባሉ ሐኪሞች በፈረንጆቹ 1965 ቦስተን ውስጥ ኮሎምቢያ ፖይንት ላይ፣ ቀጥሎም ሚሲሲፒ ውስጥ ማውንድ ባዩ ላይ ማዕከል አቋቋሙ። በማውንድ ባዩ ሐኪሞቹ ለተራቡ ቤተሰቦች ምግብ በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ይጽፉ ነበር። ገና ከመጀመሪያው ነዋሪው አገልግሎቱን የሚቀበል ብቻ እንዳይሆን ተፈልጓል። ዛሬም በፌዴራል ድጋፍ የሚሠራ ማዕከል ከቦርድ አባላቱ ቢያንስ 51 በመቶው የማዕከሉ ታካሚዎች መሆን አለባቸው። እንግዲህ በእንዲህ ዓይነት ቤት ስለ ታካሚ የሚያወራ ሴሽን ታካሚ ሳይኖርበት ሲቀርብ ቅር ያሰኛል፤ እኔን ያሰኘኛል። እኛ ከቦርዳችን አንዲት ታካሚ፣ ከላቦራቶሪ አንድ ባልደረባ፣ ከዚያም እኔ ሆነን አቀረብን። የታካሚዋን የጉዞና የማረፊያ ወጪ ማን እንደሚችል አለቆቻችሁን ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ። ከተቀበሏችሁ በኋላ «በጀት የለም» ቢባል እሳቸውን ማሳፈር ይሆናል።

የሴሽኑን ቅርጽ በደቂቃ ከፍላችሁ አሳዩ። ለ60 ደቂቃ እኛ ያስገባነው ይህን ነበር፦ 10 ደቂቃ ታሪኩና ችግሩ፣ 15 ደቂቃ ያደረግነው፣ 20 ደቂቃ ሥራ፣ 15 ደቂቃ ጥያቄ። ሥራው ምን መሰላችሁ? በየጠረጴዛው አንድ ባዶ መመርመሪያ አስቀመጥን፤ መመሪያውን ግን በአማርኛ ብቻ አደረግነው። «በሉ አንብባችሁ ሥሩ» አልናቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሐኪም ቱቦውን ገልብጦ ያየዋል፤ ክዳኑን ለማዞር ይሞክራል፤ መሳብ ነበረበት። አንዷ ነርስ ወረቀቱን ወደ ጎን ትታ የጎረቤቷን እጅ እያየች መቅዳት ጀመረች። ታካሚዎቻችን ቤታቸው የሚሆኑትን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሆኑት። በሃያ ስላይድ ይህን ማስረዳት አልችልም ነበር። ፕሮፖዛሉ ላይ እንዲህ ያለውን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጹ እንጂ «በይነተገናኝ ውይይት ይኖራል» ብላችሁ አትለፉት።

ያልተሳካውንም ጻፉ። ገምጋሚዎች የሚያምኑት እሱን ነው። እኛ መጀመሪያ መመሪያውን አስተረጎምን። ለውጥ አላመጣም፤ ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ በአማርኛም ማንበብ አይችሉም። ቀጥሎ ሥዕል መጠቀምና ታካሚው ራሱ መልሶ እንዲያስረዳን መጠየቅ ጀመርን፤ «እስቲ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ» እንላለን። ከዚያ ደግሞ የተመለሱት ቱቦዎች ላቦራቶሪ ደርሰው ሲጣሉ አየን። ምክንያቱ ቀን ነበር። ናሙናው የተወሰደበት ቀን ካልተጻፈ አይመረመርም፤ የእኛ ሰዎች ጽፈውታል፣ ግን በእኛ አቆጣጠር። ላቦራቶሪው የብዙ ዓመት ናሙና የመጣለት ይመስለዋል። አሁን ዓመቱን አስቀድመን እንጽፍላቸዋለን፤ ወሩንና ቀኑን ስልካቸው ላይ ካለው እንዲገለብጡ እናሳያለን። ሴሽኑ ካለቀ በኋላ ሰዎች ቆመው የጠየቁኝ ከሁሉ በላይ ስለዚህች ነገር ነው።

ቁጥር ስታስገቡ ከስንት ስንት እንደሆነ ጻፉ። በመቶኛ ብቻ አይበቃም፤ ከአሥር ሰው ግማሹና ከሺህ ሰው ግማሹ አንድ አይደሉም።

የታካሚን ምስጢር በተመለከተ ስም አለመጥራት በቂ አይደለም። በፈረንጆቹ 1996 በወጣው ሂፓ በተባለው ሕግ ሥር ያለው ደንብ 18 ዓይነት መለያዎችን ይቆጥራል፤ ቀን፣ አድራሻ፣ ፎቶ ሁሉ አሉበት። ከሕጉም በላይ ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። ሁለት ምልክት ከሰጣችሁ ማን እንደሆኑ ለመለየት ቡና ጠጥቶ እስኪነሳ ድረስ እንኳ አይፈጅም። የፌስታሏን እናት ታሪክ የማወራው ፈቅደውልኝ ነው፤ የት እንደማወራውም ነግሬያቸዋለሁ።

ስለ እንግሊዝኛው አትጨነቁ። እኔ መጀመሪያ በአማርኛ ስልኬ ላይ ቀዳሁት፤ ለእህቴ እንደማስረዳ አድርጌ። ከዚያ የተናገርኩትን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። በቀጥታ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ከሪፖርት የለቀምኳቸው ቃላት ነበር የሚወጡት። በኋላ ሥራችንን የማያውቅ ሰው አስነብቡትና ሴሽኑ ስለ ምን እንደሆነ መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ያው ለታካሚ የምናደርገው ነው።

ፎርሙ ላይ በቀጥታ አትጻፉ፤ ገጹ መሃል ላይ ይዘጋና ሁሉም ይጠፋል። ሌላ ፋይል ላይ ጽፋችሁ ኮፒ ፔስት አድርጉ። የተናጋሪዎችን አጭር የሕይወት ታሪክ ቀድማችሁ ሰብስቡ፤ መጨረሻው ሌሊት ላይ የሚያስለቅሰው እሱ ነው።

ካልተቀበሏችሁ የገምጋሚዎችን አስተያየት በኢሜይል ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይልካሉ። በፖስተር ማቅረብ ይቻል እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙ ጉባኤዎች ለፖስተር የተለየ ጥሪ አላቸው። ከዚያ ያንን ፋይል ክፈቱና «ሰኞ ጠዋት» ያላችሁትን ዓረፍተ ነገር እንደገና አንብቡት።